የጋሽ ቆጣሪ የተሰረቁ እርምጃዎች

የባሌን አባት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠርጥሬያቸዋለሁ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ተፈጥሮዬ ነው። እናቴ «አንቺ እኮ ስትወለጂም አዋላጇን በጎሪጥ እያየሽ ነው» ትለኝ ነበር። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» የሚለውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይለዋል፤ እኔ ማንኪያ ባነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ስለዚህ ሰፈሩ በሙሉ «እንደ ሊቀመንበራችን ያለ ሰው የትም አይገኝ» ሲል አፌን ከፍቼ የምሰማ አልነበርኩም። ሰው ሁሉ ያመሰገነው ሰው አንድ የደበቀው ነገር አያጣም ብዬ አምን ነበር።

አማቼ በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፤ መሐንዲስ ጦር ውስጥ ፈንጂ ቀባሪ። ከጦር ሜዳ ሲመለሱ የቧንቧ ሥራ ያዙ። «ያው መቅበር ነው» ይላሉ ሲጠየቁ፣ «ልዩነቱ ይሄኛው ሲፈነዳ የሚያረጥብ መሆኑ ነው»። ያኔ ሰፈሩ ውሃ የሚቀዳው ከአንዲት ቦኖ ነበር፤ ጀሪካኑ ተሰልፎ መንገዱን ይዘጋል፣ በወረፋ የማይጣላ አልነበረም። እሳቸው ጎረቤቱን አስተባብረው፣ ቢሮ ለቢሮ ተመላልሰው፣ ከዳገቱ ማጠራቀሚያ ዋናውን መስመር አስገቡ። ለመቶ አርባ ቤት እያንዳንዱን ቧንቧ በእጃቸው ክር አውጥተው፣ ቃጫ ጠምጥመው፣ ገጥመው ቀበሩት። ውሃው በመጣ ሳምንት የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር አደረጓቸው፤ ይኸው ሠላሳ ዓመት። በየጊዜው ምርጫ ይደረጋል፣ ግን እጅ የሚያወጣ ሰው ካለ ወደ ቤቱ ለመሄድ ፈቃድ የሚጠይቅ ነው።

ሲራመዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እርምጃቸውን ይቆጥራሉ። ወደ ዳቦ ቤት ሲሄዱ ይቆጥራሉ፣ ለቅሶ ሲደርሱ ይቆጥራሉ። ሰፈሩ «ጋሽ ቆጣሪ» ብሎ ስም ያወጣላቸው ለዚህ ነው። እኔ ቤት ውስጥ አባባ እላቸዋለሁ።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በወር ሁለት ሦስት ቀን ቤት ቢያድር ነው። እናቱ ቀደም ብለው አርፈዋል። ስለዚህ አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ተጠራጣሪዎች ቀረን። የእሳቸው ክፍል እንደ ጦር ሰፈር ነበር፦ የቧንቧ መፍቻዎቹ በቁመታቸው ግድግዳው ላይ ተሰልፈዋል፣ ጫማቸው አልጋው ሥር አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሯል፣ ወንበራቸው ሁልጊዜ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቷል። ጨው ሳበዛ ሆን ብላ ነው ይላሉ። «ዛሬ ጣፍጧል» ካሉኝ ደግሞ እኔ ምን አስበው ነው እላለሁ። ሆኖም ተላምደን ነበር። እንዲያውም እወዳቸው ነበር፤ መጠርጠርና መውደድ አብረው አይኖሩም ያለው ማነው?

አማቼ ጀርባቸውን ለመንገድ ሰጥተው የሚቀመጡበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው ልብስ ስፌት ቤት። ልብስ ሰፊውና አማቼ በጦሩ ውስጥ የአንድ ጓድ ሰዎች ነበሩ፤ ከአንድ ቆርቆሮ በልተዋል፣ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰዋል። አማቼ «መርፌ» ይሏቸዋል፣ እኛም ተከትለን «ጋሽ መርፌ» እንላለን። የኮሚቴው ምክትል ሊቀመንበር እሳቸው ናቸው። ጸሐፊዋ ደግሞ እኔ፤ አስተማሪ ስለሆንኩ እጅ ጽሑፏ ያምራል ተብዬ። እኔ እጽፋለሁ፣ ጋሽ መርፌ አንብበው ይፈርማሉ። ሁለቱ ሽማግሌዎች በየቀኑ ሳይጣሉ አይውሉም፤ ሳይታረቁም አያድሩም።

ታዲያ ጥርጣሬዬ ምን ነበር? የቧንቧው ካርታ። በዚያ ሁሉ ዓመት የትኛው ቧንቧ በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ አንድ ወረቀት የለም። የሚያውቁት አማቼ ብቻ ናቸው። በየማለዳው ጎህ ሲቀድ ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ሰፈሩን ይዞራሉ፣ አንዳንድ ቦታ ቆም ብለው መሬቱን በተረከዛቸው ሁለት ጊዜ መታ ያደርጋሉ። አረንጓዴ በር ያላት ባልቴት ቤት ፊት ለፊት ደግሞ ከሌላው ቦታ ሁሉ አስበልጠው ይቆማሉ። ከዚህ ሌላ የሰፈሩ ውሃ ሲጠፋ የእኛ ቧንቧ አይጠፋም። ሴቶቹ በጀሪካን ሊቀዱ ሲመጡ «እናንተማ ምን አለባችሁ፣ ምንጩ እናንተ ጋ ነው» ይሉኛል፣ እየሳቁ። ሳቁ ይከነክነኝ ነበር። ከዋናው መስመር ወደ ቤታችን በስውር የተቀጠለ ቧንቧ አለ ብዬ ደመደምኩ።

በኋላ መንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቱ ዋናውን መንገድ ቆፍሮ አስፋልት ሊያለብስ ሆነ። አንድ ወጣት መሐንዲስ ስብሰባችን ላይ መጣና የቧንቧውን ካርታ ጠየቀ።

«ካርታ የለም» አሉ አማቼ።

«አባቴ፣ ይሄ ሁሉ መስመር ያለ ካርታ?»

«ማሽንህን ስታመጣ ጥራኝ። ፊት ፊት እየሄድኩ በእግሬ አሳይሃለሁ።»

«እግዜር አያድርገውና፣ እርስዎ ባይኖሩስ?»

«እኖራለሁ።»

ሰው ሳቀ። እኔ ቃለ ጉባኤ ስጽፍ ስለነበር አልሳቅኩም። ያኔ ጋሽ መርፌ ከወንበራቸው ተነሱ። «አንተ ሰውዬ፣ ትናንት የመብራት እንጨቱን እኔ መስሎህ ጤና ይስጥልኝ ብለኸዋል። ዓይንህ እየከዳህ ነው። ለአንድ ሰው አሳየው። ሌላ ሰው ካላመንክ ለኔ አሳየኝ።»

አማቼ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ምን አስቸኮለህ?» አሉ።

እኔ በማግሥቱ ማለዳ ላስቲክ ጫማዬን አድርጌ ተከተልኳቸው። ሃያ እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ፣ የግድግዳ ጥግ ይዤ፣ እርምጃቸውን እየቆጠርኩ። ተረከዛቸውን የሚመቱበትን ሁሉ እጽፋለሁ፦ «ከወፍጮ ቤቱ በር አርባ ስድስት፤ ወደ ቀኝ አሥራ ዘጠኝ»። አሥራ አንድ ማለዳ ተከተልኳቸው። አንድም ቀን ዞር ብለው አላዩም፤ ቢያዩስ ዓይናቸው የት ይደርሳል ብዬ ተዝናናሁ።

የሌባ ቧንቧ አላገኘሁም። ወደ ቤታችን የሚገባው መስመር እንደማንኛውም ቤት አንድ ብቻ ነው። ውሃችን የማይጠፋው ቤታችን ከሰፈሩ ሁሉ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ስለሆነ ነው፤ ይህን ለማወቅ ማሰብ እንጂ መሰለል አያስፈልግም ነበር። በባልቴቷ በር ላይም ሦስት መስመር የሚገናኝበት ቦታ አለ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ማፈር የነበረብኝ ያኔ ነበር። እኔ ግን ተናደድኩ። የሚደብቁት ነገር ከሌለ ካርታውን ለምን ከለከሉ? ለሥልጣናቸው ነው፤ መስመሩን ሌላ ሰው ካወቀው ሊቀመንበርነቱ ያበቃል ብለው ነው አልኩ። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ እኔ ዘንዶው ባይገኝም መጎርጎሬን አላቆምኩም። የጻፍኩትን በአራት ማዕዘን መስመር ወረቀት ላይ በንጽሕና ገለበጥኩና ስም ሳልጽፍበት በፖስታ አድርጌ ለመሥሪያ ቤቱ ጥበቃ ሰጠሁ። ለሰፈሩ ብዬ ነው አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነበር፤ አንድ ነገር እንዲጋለጥ ፈልጌ ነበር።

ማሽኑ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ካርታ ስላላቸው አማቼን የጠራ የለም። እሳቸው ግቢ ውስጥ ፊታቸውን እየታጠቡ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ሳሙናው ሳይለቅ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ማን አስጀመራቸው?» አሉኝ። ወዲያው ከመንገዱ በኩል ጩኸት ተሰማ።

ስንደርስ የኤክስካቫተሩ ጥርስ ዋናውን ቧንቧ በጥሶት ውሃው እስከ መብራት ሽቦው ይዘላል። የጉድጓዱ ጎን ተንዶ አንድ ቆፋሪ ሠራተኛ እግሩ ተይዟል፤ ይጮሃል፣ ጭቃውም ይሞላል። መሐንዲሱ የሚያደርገውን አጥቶ ስልኩን ይነካካል። አማቼ ክንዴን ለቀው በውሃው ውስጥ በዳበሳ ሄዱ። የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ጥግ ሲያገኙ ጀርባቸውን አስደግፈው ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሃያ ስድስት ላይ ቆመው መሬቱን ረገጡ። «እዚህ! ቆፍሩ!»

ጋሽ መርፌ አካፋ ነጥቀው የመጀመሪያውን አፈር አወጡ። ክንድ ያህል ሲወርድ የመስመሩ መዝጊያ ተገኘ። ሁለቱ ሽማግሌዎች መፍቻውን አንድ ላይ ይዘው አዞሩት፤ ውሃው ዝቅ አለ፣ ከዚያ ቆመ። ሠራተኛውን አወጡት። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ዛሬም በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ በመንገድ ሲያልፍ ዓይኔን የምጥልበት ቦታ አጣለሁ።

«እኔ ጥፋት የለብኝም» አለ መሐንዲሱ ሰው ሁሉ ሲከበው፣ «ካርታው እዚህ ምንም የለም ይላል!» ወረቀቴን ከኪሱ አወጣ።

«አንብብልኝ» አሉ አማቼ። ወረቀት ማየት ካቆሙ ቆይተዋል።

አነበበ። «ከወፍጮ ቤቱ በር አርባ ስድስት እርምጃ…»

«ሠላሳ አራት ነው» አሉ አማቼ። «አሥራ ሁለቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ከኋላዬ ሰው እንዳለ አውቄ ነበር። ዓይኔ ቢደክም ጆሮዬ አልደከመም። ስለዚህ በየቦታው አሳልፌ ወይ አሳጥሬ ነው ተረከዜን የመታሁት፤ የሰረቀኝ ሰው የተሳሳተ ይስረቅ ብዬ።» መፍቻውን መሬት ላይ ጣሉ። «እዚህ ሰፈር በእርምጃ ካርታ መሥራት የሚያውቅ ሰው ሁለት ብቻ ነው። አንዱ እኔ ነኝ።» ከዚያም ፊታቸውን ወደ ጋሽ መርፌ መለሱ። «አንተ ነህ?»

ጋሽ መርፌ ወረቀቱን ከመሐንዲሱ እጅ ተቀበሉ። መነጽራቸውን ከጭቃ ጠረጉ። ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጻፍኩትን ቃለ ጉባኤ አንብበው የፈረሙ ሰው ናቸው፤ እጅ ጽሑፌን እንደ ስፌታቸው ነው የሚያውቁት። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ወረቀቱን በአራት አጠፉና ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«ምስጢርህ ሰልችቶኝ ነው» አሉ ለአማቼ። «አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ተናገሪ፣ ተናገሪ አለኝ ውስጤ። አፌ ውስጥ ጭቃ የሞላ ይመስል ዝም አልኩ። አማቼ እጃቸውን ዘረጉ፣ እኔ ክንዴን ሰጠኋቸው፣ ወደ ቤት መራኋቸው።

ሰፈሩ አሥራ አንድ ቀን ያለ ውሃ ቆየ። ጋሽ መርፌ ከኮሚቴው ወጡ። አንዳንዱ ደንበኛ ልብሱን ሳያሰፋ ጨርቁን መልሶ ወሰደ፤ «የጓደኛውን እርምጃ የሰረቀ ጨርቄን መቼ ይተዋል» የሚልም አልጠፋ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገሩም። የአማቼ ጀርባ ከዚያ ወዲያ ከግድግዳ አልተለየም።

እኔስ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ጋሽ መርፌን መጠርጠር ጀመርኩ። ሰው በነጻ የሌላን ጥፋት አይሸከምም። አንድ ቀን የሚጠይቁኝ ነገር አለ፤ ለልጅ ልጃቸው የፈተና ውጤት ይሆናል፣ ወይ ሊቀመንበርነቱን ለመያዝ ድጋፌን። መንገድ ላይ ሳያቸው ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ሰላምታ ሲሰጡኝ ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥያቄውን ጠበቅኩ፤ አልመጣም። አለመምጣቱ ይበልጥ አስፈራኝ።

በዚያ መካከል የአማቼ ዓይን ጨርሶ ጠፋ። አንድ ማለዳ በሬን አንኳኩ። «ልጄ፣ ጫማሽን አድርጊ» አሉኝ። ክንዴን ይዘው ወጣን። «በዚህ ዓለም የማምነው ሰው አንቺ ብቻ ቀረሽ» አሉኝ በር ላይ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መስመሩን ሁሉ አሳዩኝ። ትክክለኛውን። በወረቀት ሳይሆን በእግሬ እንድይዘው፣ በየማለዳው እያስደገሙ። ካርታ ለምን እንደማይሠሩም ያን ጊዜ ነገሩኝ። ጦር ሜዳ ላይ እሳቸው ይራመዱ፣ መርፌ ይጽፉ ነበር። ፈንጂው የተቀበረበትን ከአንድ ትልቅ ዛፍ ተነስተው ለኩት፤ ካርታው አንድ ስህተት አልነበረበትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ወጥ ሠሪዎቹ ዛፉን ለማገዶ ቆረጡት። በቦታቸው የተተኩት ወታደሮች ካርታውን ይዘው ከሌላ ዛፍ ቆጠሩ።

«ሦስት ልጆች ነበሩ» አሉኝ። «ዛፍ ሲቆረጥ ወረቀት አይሰማም። እኔ በየማለዳው የምወጣው ለምን ይመስልሻል? ኪዮስኩ ተነስቷል፣ የወፍጮ ቤቱ በር ዞሯል፤ አንድ ነገር በተነሳ ቁጥር ቁጥሩን አስተካክላለሁ።» ክንዴን ጠበቅ አደረጉ። «ልጆቹን እኔና እሱ አብረን ነው የቀበርናቸው። ይህን እያወቀ ወረቀት ሰጠ። ሌላውን ይቅር እለው ነበር፣ ይህን አልለውም።»

ያኔም ዝም አልኩ። ክንዴን ከለቀቁ ይወድቃሉ ብዬ አይደለም። ፈርቼ ነው።

አማቼ አንድ ሳምንት ብቻ ታመው ሞቱ። ከመሞታቸው በፊት ለእኔ አደራ ሰጡኝ፦ «መርፌ ሬሳዬ አጠገብ እንዳይቆም»። በቀብሩ ቀን ጋሽ መርፌ ከመንገዱ ማዶ፣ የድሮ ወታደር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ። ሬሳው እስኪያልፍ አልተንቀሳቀሱም። ባለቤቴ «ጋሽ መርፌ ለምን አይመጡም?» አለኝ። «አባባ ናቸው ያሉት» አልኩት። ሦስት እርምጃ ተሻግሬ እጃቸውን መያዝ እችል ነበር፤ አልተሻገርኩም።

በአራተኛው ቀን ስፌት ቤታቸው ገባሁ። ኮት እየሰፉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና የስፌት መኪናውን መዘውር በእጃቸው አቆሙ።

«ጋሽ መርፌ፣ ከእኔ ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«እኔ? ምንም።»

«ታዲያ ያን ቀን የኔን ጥፋት ለምን ወሰዱ?»

መርፌውን ከጨርቁ ነቅለው አነሱት። «ዓይኑ እየጠፋ ነበር» አሉ። «ልጁ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ከአንቺ ሌላ ማን ነበረው? እኔን ቢጠላ ጓደኛ ያጣል፤ ጓደኛ ያጣ ሰው ይኖራል። አንቺን ከጠረጠረ ግን ከእጅሽ አይበላም። አውቀዋለሁ። ተርቦ ይሞታል እንጂ አይበላም።»

ተቀመጥኩ። «ለእኔ እንኳ ቢነግሩኝ ምን ነበር?»

«መቼ ልንገርሽ? ስታዪኝ መንገድ ትሻገሪያለሽ» አሉ፣ ያለ ቂም። «መስመሩን አሳየሽ?»

«አሳዩኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ጎሽ» አሉ። ጠመኔያቸውን አንስተው መልሰው አስቀመጡት። አንድ ነገር ሊጠይቁኝ እንደፈለጉ ገባኝ፤ ሁለት ዓመት የፈራሁት ጥያቄ መጣ አልኩ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «በመጨረሻው… ስሜን አንስቶ ያውቃል?» አሉኝ።

አደራው ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

«አዎ» አልኳቸው። «መርፌን ጥሩልኝ ብለው ነበር። ሳንጠራዎት ሞት ቀደመን።»

ያመኑኝ አይመስለኝም ነበር። እኔ ብሆን አላምንም። ጋሽ መርፌ ግን የሚሰፉትን ኮት እጅጌ አንስተው ፊታቸውን ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቆይተው ሲገልጡት ፈገግ ብለው ነበር።

«አውቄ ነበር» አሉኝ። «እሱ ዓለሙን ሁሉ ይጠረጥራል። እኔን ግን ከልቡ መጠርጠር አይችልበትም።»